ክርክር፦ የአየርላንድ መንግሥት የካውንቲ ጋዜጦችን በሕዝብ ገንዘብ መደገፉ ልክ ነው?

የኮርኩ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ይሄ ነው። አየርላንድ ውስጥ ካውንቲዎቹ (እንደ ክፍለ ሀገር ያሉ አስተዳደሮች) የየራሳቸው ሳምንታዊ ጋዜጣ አላቸው። ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ አሁን ግን ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሄዶባቸው እየተንገዳገዱ ነው። በ2022 አንድ የሚዲያ ኮሚሽን ሪፖርት አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከምክሮቹ አንዱ የካውንቲ ምክር ቤትና የፍርድ ቤት ዘገባ በሕዝብ ገንዘብ ይደገፍ የሚል ነበር። በ2024 ገንዘቡ መሰጠት ጀመረ።

እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ማስረጃዬ እዚሁ ምዕራብ ኮርክ ያለችው ስኪበሪን ናት። ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በ1857 «ስኪበሪን ኢግል» የሚባል ጋዜጣ ተመሠረተባት። በ1898 ራሺያ ቻይና ላይ ስታንዣብብ፣ ኢግል ዓይኔን ከራሺያው ንጉሠ ነገሥት ላይ አላነሳም ብሎ ርዕሰ አንቀጽ አወጣ። አስቡት፣ ዛሩን ከስኪበሪን ሆኖ ሲጠብቀው! እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ሰው የሚረሳው ግን ጋዜጣው በውጭ ያሉትን ብቻ ሳይሆን በአገር ቤት ያሉትንም ጨቋኞች እጠብቃለሁ ማለቱን ነው። ዛሩን መስደብ ቀላል ነው። ከመንግሥት እየበላ የአገር ቤቱን የሚደፍር ጋዜጣ ግን አሳዩኝ።

ማለዳ

ወንድሜ፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆምከው። በ1889 እዚያችው ከተማ «ሳዘርን ስታር» የሚባል ተቀናቃኝ ተነሳ። የብሔርተኞች ጋዜጣ ነበር። በ1917 ገደማ ከእንግሊዝ ነጻ እንውጣ የሚለው የሺን ፌን ፓርቲ ሰዎች አክሲዮኑን ገዙ፤ የነጻነት ትግሉ መሪ የነበረው የክሎናኪልቲ አካባቢው ልጅ ሚካኤል ኮሊንስ ሳይቀር ገንዘብ አግብቶበታል። በ1929 ደግሞ ስታር ያንተን ኢግል ገዝቶ ጠቀለለው። ዛሩን የጠበቀው ጋዜጣ በጎረቤቱ ተዋጠ ማለት ነው።

ያ ሁሉ ሲሆን የመንግሥት ድጎማ አልነበረም። ታዲያ ነጻነቱ የቱ ጋ ነው? ባለ አክሲዮኑ ራሱ ፖለቲከኛ ነው እኮ!

የኮርኩ ልጅ

ወገን ነበራቸው፤ አልካድኩም። ወገናቸው ግን የጊዜው መንግሥት አልነበረም። ሳዘርን ስታርን ያኔ አየርላንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ደጋግሞ ዘግቶታል። ጎረቤት ካውንቲ ኬሪ ብትሄጂ ደግሞ በ1904 ትራሊ ላይ የተመሠረተው «ኬሪማን» አለ። በ1921 የእንግሊዝ ረዳት ፖሊሶች ማተሚያ ቤቱን አፈራርሰውበት እስከ 1923 ከገበያ ጠፍቷል። የጥቅምት ደሞዙን ከመንግሥት የሚጠብቅ ጋዜጣ እንደዚህ የሚያስመታ ነገር ይጽፋል?

ሒሳብ ሠሪው

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁለታችሁም መንግሥት ዛሬ ገና የገባበት አስመሰላችሁት። ኖሮበታል።

አየርላንድ ውስጥ ቤት ልሥራ ወይም ማድቤቴን ላስፋ ብለህ የግንባታ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ በሩ ላይ ወረቀት መለጠፍ ብቻ አይበቃም። ማመልከቻውን ከማስገባትህ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት አለብህ። ሕግ ነው። ደግሞ ባገኘኸው ጋዜጣ አይደለም፤ የካውንቲው አስተዳደር ከተቀበላቸው ጋዜጦች በአንዱ ነው። ዝርዝሩ እነሱ ጋ ነው። ገንዘቡ ካንተ ኪስ ይወጣል፣ አስገዳጁ መንግሥት ነው፣ ተጠቃሚው ጋዜጣው ነው። በእጅ አዙር ድጎማ ነው እንጂ ሌላ ምን ትለዋለህ? የኮርኩ ልጅ ግን ስለዚህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ሌላው ትልቁ ነገር የሞት ማስታወቂያ ነው። አይሪሽ ገጠር ውስጥ ሰው ጋዜጣውን ሲገዛ ማን ሞተ የሚለውን ሳያይ አያልፍም። ሟቹ የማን ልጅ ነው፣ አስከሬኑ የት ነው ያረፈው፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት ነው፣ የት ይቀበራል። በዚህ እኛም እንመሳሰላለን፤ ቀብር መቅረት ነውር ነው። በ2005 አንድ ድረ ገጽ መጣና ይሄንን ሥራ ወሰደው፤ አርአይፒ ዶት አይኢ ይባላል። በ2024 ደብሊን ያለው የአይሪሽ ታይምስ ኩባንያ ገዛው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አንድ የሞት ማስታወቂያ 100 ዩሮ ሆነ። የስኪበሪን ሰው ሲሞት ገንዘቡ ደብሊን ይገባል። «ገበያው ይፍረድ» የምትሉ፣ ገበያው ፈርዷል።

ተጠራጣሪው

ሒሳብ ሠሪው ጥሩ ቆጥረሃል፤ ግን ድጎማው ማን ኪስ ነው የሚገባው? የኔ ጥያቄ እሱ ነው። ጋዜጦቹ የአካባቢው ሰው ንብረት መሆናቸው ብዙ ቦታ አብቅቷል። ጆንስተን ፕሬስ የሚባል የብሪታንያ ኩባንያ በ2005 የሌንስተር ሊደርን ጋዜጦች ከ138 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ ገዛ። በ2014 እነዚያንም ሌሎቹንም የአየርላንድ ጋዜጦቹን አይኮኒክ ለሚባል የጋዜጣ ኩባንያ ሲሸጥ 10 ሚሊዮን እንኳ አልሞላለትም። በብድር ገዝተው፣ ሠራተኛ ቀንሰው፣ ጥለው ሄዱ። ኬሪማንም በ1972 ለደብሊኑ የጋዜጣ ኩባንያ ለኢንዲፔንደንት ተሸጧል፤ በ2019 ደግሞ ኢንዲፔንደንትን ራሱን ሚዲያሁዊስ የተባለ የቤልጂግ ኩባንያ ገዛው። እንግሊዝ ያፈራረሰችው ጋዜጣ ባለቤት ዛሬ አንትወርፕ ነው ያለው። የትራሊ ነርስ ታክስ እዚያ ድረስ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ማለዳ

ገንዘቡ እኮ ለባለቤቱ ትርፍ አይደለም የሚሰጠው፤ ለተወሰነ ሥራ ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጥቶ የነዳው፣ ኢንሹራንስ የሌለው፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ሪፖርተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሚያወጣው አራት አጭር ዜና ነው። የትኛውም ባለቤት፣ የቤልጂጉም የስኪበሪኑም፣ ለዚያ ወንበር መክፈል አይፈልግም፤ አያዋጣማ። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 ፍርድ በአደባባይ ይሰጥ ይላል። አዳራሹ ክፍት ሆኖ ማንም ካልተቀመጠበት ምኑ ነው አደባባይ?

የኮርኩ ልጅ

እሺ እህት፣ የፍርድ ቤቱን ተቀብያለሁ። ዳኛው ለጋዜጣው ማስታወቂያ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። የምክር ቤቱን ግን በጭራሽ! ሒሳብ ሠሪው ራሱ ነግሮናል፤ የትኛው ጋዜጣ ማስታወቂያ ይብላ የሚለው ዝርዝር ያለው ካውንቲው አስተዳደር ጋ ነው። በዚያ ላይ ሪፖርተሩን በመንግሥት ገንዘብ ስታስቀምጪው ምን ይጽፋል? «ክቡር የምክር ቤት አባል መንገድ መረቁ።»

ማለዳ

ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ካውንቲው አይደለም፤ ሚኒስትሩም አይደለም። የሚዲያ ተቆጣጣሪው ነው፣ ለብቻው የቆመ ተቋም። ደግሞ አሁን የምክር ቤቱን ስብሰባ ማን እየጻፈው መሰለህ? የምክር ቤቱ የራሱ ሕዝብ ግንኙነት! «መንገድ መረቁ» የሚለውንማ እያነበብከው ነው።

ተጠራጣሪው

ለብቻው ይቁም፤ እሱን አልጠላሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ማመልከቻው ነው። ትልቁ ኩባንያ ፎርም የሚሞላለት ክፍል አለው፤ ጠበቃም አለው። የአንድ ቤተሰብ ጋዜጣ ላይ ግን ያው አንድ ሰው አርታኢ ነው፣ ማስታወቂያ ሻጭ ነው፣ ማታ ስፖርቱን የሚጽፈውም እሱ ነው። ከማለቂያው ቀን በፊት ያንን ሁሉ ገጽ መቼ ሊሞላ ነው? ለትንንሾቹ ተለይቶ የተቀመጠ ድርሻ እስካላየሁ ድረስ ድምፄ ተቃውሞ ነው።