ዓሣ አስጋሪዎች ያገኙትን ምልክት ምን ያህል እንደሚያሳውቁ እንዴት ልገምት?

ከአቃቂ በታች ባለው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከጀርባ ክንፋቸው ሥር ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ የፕላስቲክ ምልክት የተሰካባቸውን ቆሮሶዎች እያጠናሁ ነው። የዓሣውን ብዛት የምገምተው ከሚመለሱልኝ ምልክቶች ስለሆነ፣ አስጋሪው ምልክቱን አግኝቶ ዝም ካለ ብዛቱ ከእውነቱ በላይ፣ የማስገር ጫናው ደግሞ ከእውነቱ በታች ሆኖ ይሰላል። ከፍተኛ ሽልማት የተጻፈባቸው ምልክቶች በአስጋሪ እጅ ከገቡ ሁሉም ይመለሳሉ ብሎ በመነሣት የተራውን ምልክት የመመለስ መጠን በእነርሱ መጠን ማካፈል የተለመደ ነው፤ ለምሳሌ ከ100 ተራ ምልክቶች 12ቱ፣ ከ100 ባለሽልማት ምልክቶች ደግሞ 30ዎቹ ቢመለሱ የማሳወቅ ምጣኔው 0.4 ይሆናል። ይሁን እንጂ አስጋሪዎቹ ዓሣ የሚያወርዱት አንድ ዳርቻ ላይ በመሆኑ የሽልማቱ ወሬ ሲዛመት ተራውንም ምልክት ይዘው መምጣታቸው አይቀርም (ማንስ ይፈርድባቸዋል?)፤ ያን ጊዜ ምጣኔው ከወትሮው ልማዳቸው ከፍ ይላል። ይህን ማዛባት በስሌት ማረም ይቻላል ወይስ በማውረጃው ታዛቢ አስቀምጬ እርሱ ካለበትና ከሌለበት ቀን የሚመለሰውን ከተያዘው ዓሣ ብዛት አንጻር ባወዳድር ይሻለኛል? በተግባር የሞከራችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።