የፌርፋክስ መኪና ማቆሚያ፦ ለከተማው የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ላለው ሰፈራችን፣ ለሊትል ኢትዮጵያ፣ የተረቀቀው ይህ ነው፦ ተጨማሪ ማቆሚያ ይሰጠን፣ አንድ መኪና ከአንድ ሰዓት በላይ አይቁም፣ ለዕቃ ማውረጃ ቢጫ ጠርዝ ይቀባልን። እስከ እሑድ አስተያየት ስጡበት።

ቡና ቤት፦ አንድ ሰዓቱን አልፈርምም። በአንድ ሰዓት አቦሉ ቢጠጣ ነው። እንግዳዬ ቶና ሳይቀዳለት ይነሳል፣ በረካው ቲኬት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ቅመም ሱቅ፦ ተጨማሪ ማቆሚያስ ከየት ይምጣ? ሕንፃ ይፍረስ? ቅዳሜ ሱቄን ስከፍት በሬ ላይ አምስት መኪና ቆሟል። አንዱ የኔ፣ ሦስቱ የሠራተኞች፣ አንዱ (ይቅርታ ጋሼ) የእርስዎ። ገበያተኛ ገና አልመጣም።

ምግብ ቤት፦ ተይዣለሁ ልጄ። ግን እኩለ ሌሊት ላይ ስዘጋ የቀኑን ሽያጭ ይዤ ሦስት ብሎክ ልሂድ? አስተናጋጆቼስ?

ጸሐፊ፦ ኦልድ ፓሳዴናም፣ የፓሳዴና ከተማ የድሮው ገበያ ሰፈር፣ እንዲሁ ነበር፤ ጥሩ ጥሩውን ቦታ የሚይዙት የሱቆቹ ሠራተኞች ነበሩ። ነጋዴዎቹ ሚተር (የማቆሚያ ክፍያ የሚቀበለው ማሽን) ገበያ ያባርርብናል ብለው ሲቃወሙ ኖረው፣ ገንዘቡ እዚሁ ሰፈር ይውላል ሲባሉ ተስማሙ። ሚተሩ በ1993 እ.ኤ.አ. ተተከለ፤ በገቢውም የእግረኛ መንገዱና የጓሮ መተላለፊያዎቹ ታደሱ። የዩሲኤልኤው (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ይህን ደጋግመው ይጠቅሱ ነበር። እሳቸው ይሉ የነበረው፣ በየብሎኩ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እስኪገኝ ድረስ ዋጋው ከፍ ዝቅ ይበል ነው። ታዲያ የሰዓት ገደቡን ትተን ዋጋውን ብንጠይቅስ? ቡናውም ሦስቱን ይደርሳል።

ቡና ቤት፦ ገንዘቡ ለኛ መንገድ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር እንጂ እስማማለሁ።

እንጀራ አከፋፋይ፦ ቢጫውን ለሙሉ ቀን አትጠይቁ፣ እኔ ጠዋት አውርጄ እሄዳለሁ። አሁን ደርቤ ነው የማቆመው። 217 አውቶቡስ ከኋላዬ ክላክሱን ሲለቀው በሩጫ አወርዳለሁ፣ ከላይ ያለው እንጀራ ይቀደዳል፣ ከሒሳቤም ይቀነሳል። ከረፋድ በኋላ ለገበያተኛ ይለቀቅ።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። “ተጨማሪ ማቆሚያ” ተሰርዟል። በምትኩ፦ ማታ ባዶ የሚያድር የቢሮ ግቢ ለሠራተኞች በጋራ እንከራይ፤ ሲዘጋም አብረው ይውጡ። ኪራዩን እንዴት እንደምንከፋፈል ገና አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ጠርዙ ላይ የቆሙትን መኪኖች በየሁለት ሰዓቱ የሚቆጥር ሰው እፈልጋለሁ።

ምግብ ቤት፦ እኔ እቆጥራለሁ። መኪናዬን ግን ዓርብ ማታ አነሳታለሁ።

ቅመም ሱቅ፦ ኧረ ጋሼ፣ እንደቆመች ትቆጠር!