ከደብረ ማርቆስ ወደ ሐዋሳ ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ፦ ጭነቱ የዓባይን ቁልቁለት እንዲችል ምን ይደረግ?

የጨሞጋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሐዋሳ ጠቅልለን ልንሄድ ነው። ቤተሰቡ አምስት ሰው ነው። ዕቃው ሁለት አልጋ ከነፍራሹ፣ የልጆች ተደራራቢ አልጋ፣ ሶፋ፣ ባለ መስታወት ቡፌ፣ ቁም ሣጥን፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የጓዳ ዕቃና ሁለት ኩንታል ጤፍ ነው። መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ምን ዓይነት መኪና ይበቃናል? ምን ከምን ቀድሞ ይጫናል? ፍሪጁና ምጣዱ ሳይጎዱ እንዲደርሱ ምን ይደረግ? ልጄ ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ስለሚገባ ከትምህርት ቤትና ከቀበሌ ምን ይዤ ልውጣ? የምታውቁ ዝርዝሩን ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

ባለ ካሶኒ

ወንድሜ፣ ለዚህ ዕቃ አንድ አይሱዙ ኤንፒአር ይበቃሃል። የቤት ዕቃ መኪና የሚሞላው በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው፤ ስለዚህ “ስንት ኩንታል ይጭናል?” ብለህ አትዋዋል። ሜትር ይዘህ ሂድና የካሶኒውን (የዕቃ መጫኛውን) ርዝመትና ስፋት ለካ፤ ከዚያ ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑንና ፍሪጁን ለክተህ አስተያይ። ከእሱ የሚበልጠውን ኤፍኤስአር መያዝ ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ ግማሹ ባዶ ይሆንና ዕቃው የሚንሸራተትበት ሜዳ ያገኛል።

አጫጫኑን የሚወስነው ዓባይ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደ ጋቢናው ይጠጋል፤ ከኋላ ክፍተት ይፈጠራል፤ ገመዱም ይላላል። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ ያው ጭነት በተፈጠረው ክፍተት ወደ ኋላ ይመለስና ስፖንዳውን (የካሶኒውን ግድግዳ) ይመታል። በክረምት መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚያ አካባቢ ይታጠፋል፣ ይሰምጣል፤ ንቅናቄው የሚብሰው እዚያ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ጥብቅ ብሎ የታየ ጭነት ጎሐ ጽዮን ላይ ተበታትኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወለሉ ላይ መጀመሪያ ላስቲክ፣ በላዩ ጣውላ አንጥፍ፤ ሐምሌ ነውና ውኃ ከሥር ይገባል። ጤፉን ከጋቢናው ጀርባ አስጠግተህ አንዱን ኩንታል በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስተኛ። ሁለቱንም በአንድ ወገን ካደረግህ መኪናው ኩርባ ላይ ያዘነብላል። ቀጥሎ ፍሪጁና ቁም ሣጥኑ ቆመው፣ ጀርባቸውን ለጋቢናው ሰጥተው ይገባሉ። በመካከላቸው ፍራሽ ይቁም። የቡፌው መስታወት ወጥቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በፍራሽ መካከል በጠርዙ ይቆማል፤ ቴሌቪዥኑም እንደዚሁ ነው። ሁለቱንም አታስተኛቸው። ካርቶኖቹ ጤፉ ላይ ይደረደራሉ። ሶፋው ትራሱ ወጥቶ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ገመዱን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ሁሉንም ጭኖ ሲያበቃ ከላይ አንድ ረጅም ገመድ ያዞራል። እሱ ብቻውን ምንም አይዝም። አንድ ረድፍ በጫንህ ቁጥር ያን ረድፍ ለብቻው ከስፖንዳ እስከ ስፖንዳ እሰር፤ በየሜትሩ አንድ ማሰሪያ ይድረሰው። ናይለን ገመድ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ በራሱ ማጥበቂያ እጀታ የሚወጠር ቀበቶ ከተገኘ ይሻላል። ሸራው ሁለት ከሆነ የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው በላይ ይደረብ፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ነፋስ ከሥር ገብቶ ይገልጠዋል። ደጀን ላይ ቁሙና ሁሉንም እንደገና ወጥሩ። ጎሐ ጽዮን ላይም ድገሙት።

አልጋና ቁም ሣጥን ሲፈታ ብሎኑ በትንሽ ፌስታል ሆኖ ከራሱ ጣውላ ጋር ይታሰር። ቁም ሣጥኑ የቺፑድ ከሆነ ግን ባይፈታ ይመረጣል፤ ቺፑድ አንዴ የተነቀለ ብሎን መልሶ አይይዝም። የግድ ከተፈታ፣ ሲገጠም ቀዳዳው ውስጥ ኮላ የተቀባ የክብሪት እንጨት ይግባበት።

የጓዳ ነገር

ወንድም ዓለም፣ ፍሪጁ ከመጫኑ ከአንድ ቀን በፊት ይነቀል፤ በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ ከተዘጋ ይሸታል። የውስጥ መደርደሪያው ይውጣ፣ በሩ በጨርቅ ይታሰር፤ ስኮች ቀለሙን ይልጣል። ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳልና ሐዋሳ ደርሶ 24 ሰዓት ሳይቆም አይሰካ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈራው ክብደትንና ድንገተኛ ምትን ነው። ሸክላው ሥር የተቀበረው ሽቦ አለ፤ ሸክላው ከተሰነጠቀ ሽቦው ይጋለጥና ሰው ይይዛል። አክንባሎው ለብቻው ይጠቅለል። ምጣዱ እግሩ ተፈትቶ፣ ጨርቅ ተደርጎበት፣ በሁለት ፍራሽ መካከል በጠርዙ ይቁም፤ ላዩ ላይ ምንም አይጫን። ስትደርሱ ሳይሰካ በጣት አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለበትና ባለሙያ ሳያየው አይሰካ። በዝናብ የተጓዘ ሸክላ እርጥበት ይይዛል፤ መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ ይሙቅ፣ ከዚያ በጎመን ዘር ይታሰስ።

ቅቤ በረሃው ላይ ይቀልጣል። በጥብቅ ባልዲ ሆኖ ከነባልዲው ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ይግባ፣ ከልብስና ከጤፍ ይራቅ። ዘይትና ማር በጀሪካን ሲሆን እስከ አፉ አይሞላ። ከፍታ ላይ የተዘጋ ጀሪካን ዓባይ ወርዶ ይጨመደዳል፣ ዳገቱ ላይ መልሶ ይነፋል፤ ክዳኑ ከላላ ያፈሳል። እርሾ ግን የሚያዘው በተቃራኒው ነው፤ ዕቃው ግማሽ ብቻ ይሙላ፣ ክዳኑም ላላ ይበል። ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ አየሩ ያፈነዳዋል። ሐዋሳ ከማርቆስ ስለሚሞቅ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፤ በማርቆሱ ሰዓት ከጠበቃችሁት ይኮመጥጣል።

ላምባ፣ ቀለምና ሳሙና ከጤፍና ከበርበሬ አጠገብ አይጫኑ፤ ሽታው ገብቶ አይወጣም። ሐዋሳ ወባ ስላለ አጎበር በመጀመሪያው ሌሊት የሚያስፈልግ ዕቃ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይጫን፣ መጀመሪያ ይውረድ።

ባለ ካሶኒ

የጓዳ ነገር ያሉት ትክክል ነው፤ ግን 24 ሰዓቱ ለተጋደመ ፍሪጅ ነው። መንገዱን ሙሉ ቆሞ ከሄደ ሦስት አራት ሰዓት ቢያርፍ ይበቃዋል። ሲያወርዱ እንዳያጋድሙት ብቻ አጠገባቸው ቁም፤ ጫኝና አውራጅ የሚቸኩለው ያኔ ነው።

የማኅተም ጉዳይ

ስለ ወረቀቱ እኔ ልበል። የቀበሌ መሸኛ የሁሉንም ቤተሰብ ስም ይያዝ፤ የሚቻል ከሆነ “የቤት ዕቃውን ይዞ” የሚል ቃል ይግባበት። ጤፍ የጫነ መኪና ኬላ ላይ የነጋዴ ጭነት ሊመስል ስለሚችል ይህ ቃል ይጠቅማል። መሸኛ ሲሰጥ የቀበሌ መታወቂያው ይመለሳልና መጨረሻ ላይ ያውጡት፤ ፎቶዎ ተለጥፎ ማኅተሙ ፎቶውን ይንካ፤ ኮፒውን አይርሱ። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ከሌለዎት ከመሄድዎ በፊት ይመዝገቡ፤ ክልል ቢቀየርም ያው ነው።

ለልጁ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ፎቶና ማኅተም ያለበት፣ ከትምህርት ቤቱ መሸኛ ጋር ያስፈልጋል። የመማሪያ መጽሐፍ ሳይመለስ ክሊራንስ አይሰጥም። የስምንተኛ ክፍል የክልል ፈተና ውጤት ከጉዞው በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ካርዱን የሚቀበልልዎት ሰው ከወዲሁ ይወክሉ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ቤት ከመከራየትዎ በፊት በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር ይጠይቁ፤ ሰፈሩን መምረጥ ያለበት ይህ ነው።

የሕፃናት የክትባት ካርድ በእጅ ይያዝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚሠራው በተመዘገቡበት ወረዳ ስለሆነ አዲሱ ቦታ እንደገና ይመዝገቡ። እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ከእናንተ ጋር በአውቶቡስ ይሂዱ እንጂ ካሶኒ ላይ አይጫኑ።

የጨሞጋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ ከባለ መኪናው ጋር ውሉ እንዴት ይሁን?

ባለ ካሶኒ

በጽሑፍ ይሁን። የሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ መነሻ ቀንና የማውረጃው ሰፈር በስሙ ይጻፍ። “ሐዋሳ” ብቻ ከተባለ ከተማው መግቢያ ላይ ቁሞ ጭማሪ ይጠይቅሃል። የሾፌርና የረዳት አበል፣ የማደሪያ ጥበቃ፣ የመንገድ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መሆናቸው ይገለጽ። ከመሳፈር በፊት ግማሹን፣ የመጨረሻው ዕቃ ወርዶ ከተቆጠረ በኋላ ቀሪውን ክፈል። የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ሁለት ነው፤ ማርቆስ ላይ የምትከፍለው የመጫኛውን ነው። ሐዋሳ ላይ የሚያወርዱት ሌሎች ናቸውና አከራይህ ዋጋውን አስቀድሞ ይጠይቅልህ፤ መኪናው ደጅ ቆሞ የሚጀመር ክርክር ሁልጊዜ ዋጋ ያስወድዳል።

ጧት 12 ሰዓት ተነሡ፤ በረሃውን በብርሃን ጨርሱት፣ በሌሊት አይነዳ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ረግጦ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ ይከዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጭነት መኪና የተከለከለ ሰዓት ስላለ የት እንደሚያድር ከአሁኑ ተነጋገሩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደግሞ በዋዜማው መናኸሪያ ሄደህ ከዚያ ቀን ከመጡት ሾፌሮች ጠይቅ።