የዘይት ምርመራ ውጤት ደረሰኝ፤ እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ልንዳበት?

መንገደኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 2.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር አላት፤ ቱርቦ ያለው፣ ነዳጁንም በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ነው። እስካሁን 86,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የአምራቹ መመሪያ ከዘይት ውፍረት ደረጃዎች 5ደብሊው-30ንም 5ደብሊው-40ንም ይፈቅዳል። ዘይቱ የሚቀየረው በ10,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት፣ ቀድሞ በደረሰው ነው ይላል። እኔ ባለ 30ውን ሙሉ ሲንተቲክ ነው የምጠቀመው። በዚህ ጊዜ ስቀይር ከአሮጌው ዘይት ናሙና ወስጄ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ። ዘይቱ 9,800 ኪሎ ሜትር ሠርቷል፤ በመሃል ግማሽ ሊትር ያህል ጨምሬበታለሁ።

ውጤቱ ይህ ነው፤ ማዕድናቱ ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሆኑ የተለኩ ናቸው፦

ብረት 31፣ አሉሚኒየም 9፣ ክሮሚየም 2፣ መዳብ 5፣ እርሳስ 1፣ ሲሊከን 38፣ ሶዲየም 4፣ ፖታሲየም 1። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውፍረቱ 8.7 ሴንቲስቶክ። ነዳጅ 4.1 በመቶ። ውሃም የራዲያተር ፈሳሽም የለበትም። ቲቢኤን (ዘይቱ አሲድን የሚያመክንበት አቅም) 3.9።

ላቦራቶሪው ሲሊከኑን፣ ነዳጁንና ውፍረቱን በቢጫ አስምሮባቸዋል፤ የቀረው አረንጓዴ ነው። የእኔ ስሌት እንዲህ ነው፦ በዘይቱ መግለጫ ላይ የአዲሱ ቲቢኤን 7.8 ተብሏል፤ ስለዚህ ገና ግማሽ አቅም ቀርቶታል። ብረቱም የሚያስፈራ አይመስልም። እንግዲያው ከዚህ የተሻለ ዘይት ገዝቼ እስከ 15,000 ብዘልቅ ምን አለበት? የትኛውንስ ትመርጡልኛላችሁ?

ባለጋራዥ፦

ወንድሜ፣ ለላቦራቶሪ የከፈልክበትን ዘይት ግዛበት። በየ5,000 ቀይር፣ የዘይት ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር፣ ተኛ። እኔ ጋ የሚመጡ ሞተሮች የሚሞቱት ዘይታቸው ሳይቀየር ስለሚቆይ ነው፤ ቀድሞ በመቀየር የሞተ ሞተር አላየሁም።

አሮጌ መፍቻ፦

ባለጋራዥ ያለው ላቦራቶሪ ለሌለው ሰው ጥሩ ምክር ነው። ለአንተ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ወረቀትህ የሚናገረው ስለ ዘይት ዕድሜ አይደለም። በየ5,000 ብትቀይርም አሁን ያለብህ ችግር እንዳለ ይቀጥላል።

ሁሉም ሰው ወረቀቱን ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ብረት ላይ ነው። ብረትህ 31 ነው፤ ለ9,800 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 3 ገደማ ይሆናል። ከፍ ቢልም አያስደነግጥም። እኔ ግን በመጀመሪያ ያየሁት ሲሊከኑን ነው። ሲሊከን ከብዙ ቦታ ይመጣል፤ በአዲሱ ዘይት ውስጥ አረፋ እንዳይሠራ የሚጨመረው ኬሚካል ጥቂት ይይዛል፣ ሞተር ተከፍቶ ሲገጠም የሚቀባው የሲሊኮን ማሸጊያም ለተወሰነ ጊዜ ይለቃል። ሲሊከን ብቻውን ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ የአንዱ ጣጣ ነው፤ አትጨነቅበትም። የአንተ ግን ብቻውን አልመጣም። አሉሚኒየሙ 9 ነው፣ ብረቱም ከፍ ብሏል፣ ክሮሚየምም ብቅ ብሏል። አፈር ሲሊከንና አሉሚኒየም ይዞ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ የፒስተኑን አሉሚኒየም፣ የሲሊንደሩን ብረት፣ የፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ክሮሚየም ይፍቃል። አራቱ ተያይዘው ሲወጡ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር በየት ነው የሚገባው?

ስለዚህ ዘይት ከመምረጥህ በፊት የአየር ፊልትሮውን ቤት ክፈት። ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን ማየት አይበቃህም። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን፣ ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ በፊልትሮው ጎን የሚያልፍ አየር አለ ማለት ነው። ታጥቦ ዘይት የሚቀባውን የጥጥ ፊልትሮ ገጥመህ ከሆነም ንገረን፤ እኔ ለዚያ ዕቃ ፍቅር የለኝም።

ሁለተኛው ነገር ውፍረቱ ነው። ባለ 30 ዘይት በ100 ዲግሪ ከ9.3 ሴንቲስቶክ በታች መውረድ የለበትም፤ ከ12.5ም በታች ይሆናል። የአንተ 8.7 ነው፤ ማለት ባለ 20 ሆኗል። ለምን እንደሆነ ደግሞ እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፦ ነዳጅ 4.1 በመቶ። በቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች በአጭር መንገድ፣ ሳይሞቁ ሲጠፉ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ገንዳ) ይወርዳል። ረጅም መንገድ ስትነዳ ዘይቱ ሞቆ የተወሰነው ይተንናል። ስለዚህ ናሙናውን የወሰድከው ከምን ዓይነት ጉዞ በኋላ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። አጭር መንገድ የማትነዳ ከሆነ ግን ኢንጀክተሩንና ቴርሞስታቱን አስፈትሽ፤ ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ሞተሩን ሁልጊዜ እንደ ቀዘቀዘ ያስኬደዋል።

አሁን ወደ ስሌትህ። ቲቢኤን ዘይቱ አሲድን የሚያመክንበት መጠባበቂያ ነው፤ ግን እንደ ነዳጅ ታንክ ቀጥ ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ይወርዳል፣ በኋላ ያዘግማል። ከዚህም ሌላ የአምራቹ መግለጫ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ኤኤስቲኤም ዲ2896 በሚባለው የመለኪያ ዘዴ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ያገለገለ ዘይት የሚለኩት ደግሞ በዲ4739 ሲሆን እርሱ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። 7.8 እና 3.9 በአንድ ሚዛን ካልተመዘኑ «ግማሽ» የምትለው ነገር የለም። የጨመርከው ግማሽ ሊትርም አዲስ መጠባበቂያ ይዞ ገብቷል፣ ብረቱንም በጥቂቱ አሳንሶ አሳይቶሃል። ያልተከፈተ ጣሳ ሲኖርህ ከአዲሱ ዘይት ናሙና ላክ፤ ቲቢኤኑንም፣ ውፍረቱንም፣ ሲሊከኑንም በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ዘዴ ታገኛለህ።

15,000? በዚህ ወረቀት አይሆንም። ውፍረቱ በ9,800 ከደረጃው ወርዷል፤ ቲቢኤን 6 ቢሆን እንኳ መልሴ ያው ነው። ዘይት የሚጣለው መጀመሪያ ባለቀው ነገር ነው።

መንገደኛው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከፈትሁት። ፊልትሮው የፋብሪካው ዓይነት የወረቀት ነው፣ ንጹሕም ነው። የቤቱ ክዳን ግን በአንድ በኩል ያለው መቆለፊያ ከቦታው ወጥቶ ነበር፤ ክዳኑ በዚያ በኩል ትንሽ ከፈት ብሏል። በውስጥ በኩል፣ በጎማው ማሸጊያ ዳር ቀጭን ቡናማ መስመር ተጋድሟል። እንዳሉኝ ቱቦውን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ጨርቁ ቡናማ ሆነ።

የምነዳው በአብዛኛው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው፤ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ናሙናውንም የወሰድሁት እንዲህ ካለው መንገድ በኋላ ነው። ታዲያ ወደ 5ደብሊው-40 ልሻገር? ወይስ ውድ የሆነውን ባለ 30?

አሮጌ መፍቻ፦

ሲሊከንህ ከየት እንደመጣ አገኘኸው። መቆለፊያውን አስጠግነህ፣ የጎማውን ማሸጊያ ለውጠህ፣ ቱቦውን አጽዳ። የሚቀጥለው ወረቀት ላይ ሲሊከኑ ሲወርድ ብረቱና አሉሚኒየሙ ተከትለው መውረድ አለባቸው። ካልወረዱ እንነጋገራለን።

ዘይቱን በተመለከተ፣ መመሪያህ ሁለቱንም ስለሚፈቅድ እኔ በአንተ ቦታ 5ደብሊው-40 እወስዳለሁ። ባለ 40 ዘይት ከ12.5 ሴንቲስቶክ ይጀምራል፤ ቤንዚኑ ቢያቀጥነው እንኳ ወርዶ የሚያርፈው የአንተ ባለ 30 ሊሆን ይገባው በነበረበት አካባቢ ነው። ውፍረቱ በ150 ዲግሪ በከፍተኛ ጫና፣ በሌላ መለኪያ (በሚሊፓስካል ሰከንድ) ሲለካም ለባለ 30 የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 2.9 ሲሆን ለ5ደብሊው-40 3.5 ነው። ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ልባስ) የሚያውቀው ይህንን ቁጥር ነው። ነገር ግን ወፍራም ዘይት ነዳጁን አያስቀረውም። አልፎ አልፎ ሞተሩ በደንብ የሚሞቅበት ረጅም መንገድ ውሰዳት።

ከዋጋው ይልቅ ጣሳው ጀርባ ላይ ያለውን አንብብ። ለቱርቦ ቀጥታ-ረጪ ሞተር ኤፒአይ ኤስፒ የሚባለው የዘይት ጥራት ደረጃ ይኑረው፤ ይህ ደረጃ በ2020 የወጣ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በከባድ ጫና፣ ከጊዜው ቀድሞ የሚነሳውን ፒስተን ሰባሪ ቃጠሎ ለመከላከልና የታይሚንግ ሰንሰለት መበላትን ለመቀነስ የተፈተነ ነው። የአምራቹ የራሱ የማጽደቂያ ቁጥር ካለ እርሱ ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ በሁለት ጥሩ ዘይቶች መካከል «የትኛው ብረት ያነሰ ያሳያል» ብለህ በአንድ አንድ ናሙና አታወዳድር። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የአየሩ፣ የመንገዱ፣ የጨመርከው ዘይት ልዩነት በሁለቱ ዘይቶች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ይህን ምርመራ በ1946 የጀመረው የዴንቨርና ሪዮ ግራንድ የባቡር ኩባንያ የዘይት ውድድር አላዘጋጀም፤ የፈለገው የናፍጣ ሎኮሞቲቩ ሳይሰበር የትኛው ክፍል እየሄደ እንደሆነ ማወቅ ነበር።

ርቀቱን እንዲህ ወስን፦ በእጅ የምትሠራ ትንሽ የናሙና ፓምፕ ግዛ። በዘይት መለኪያው ቀዳዳ አዲስ ቀጭን ቱቦ ታስገባለህ፤ ቱቦው የኮፓውን ወለል እንዳይነካ ርዝመቱን በመለኪያው ዘንግ ለካው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ትስባለህ። ዘይቱን ሳትደፋ በ5,000 እና በ7,500 ናሙና መላክ ትችላለህ። ውፍረቱ ከደረጃው ሳይወርድ፣ ቲቢኤኑም ከአዲሱ ግማሽ ሳያንስ የደረሰበት ቦታ የአንተ ርቀት ነው። ዋስትና ካላት ግን ከመመሪያው አትለፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። የላቦራቶሪው መሣሪያ የሚያየው ደቃቁን ነው፤ ከ8 ማይክሮን ገደማ የሚበልጥ ቅንጣት እምብዛም አይቆጥርም። ትልልቁ የሚቀረው ፊልትሮው ውስጥ ነው። ስትቀይር አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጠህ ክፈት፤ በመጋዝ ሳይሆን በፊልትሮ መቁረጫ፣ መጋዝ የራሱን ብረት ይጨምርበታል። ወረቀቱን አውጣ፣ ዘይቱን ጨምቀህ በነጭ ሳሕን ላይ ዘርጋው፣ በፀሐይ አገላብጠው። የሚያብለጨልጭ ካየህ ማግኔት አስጠጋ። ከተሳበ ብረት ነው፤ ካልተሳበ አሉሚኒየም ወይም ብሮንዚናው የተሠራበት ማዕድን ሊሆን ይችላል።

ናፍጣ ወዳጅ፦

ጋሼ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። የእኔ አዲስ የናፍጣ ፒክአፕ ነው፤ የመጀመሪያው ምርመራ መዳብ 190 አለ! እርሳስ 2፣ ቆርቆሮ 0፣ ሶዲየም 3። ብረት 22። ብሮንዚናው አለቀ?

አሮጌ መፍቻ፦

አይመስለኝም። ብሮንዚና ሲበላ እርሳስና ቆርቆሮ ከመዳቡ ጋር ይወጣሉ፤ የአንተ ዝም ብለዋል። በአዲስ ሞተር ላይ እንዲህ ብቻውን የሚዘል መዳብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች ነው። የዘይቱ ኬሚካል ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ገጽታውን እስኪሸፍነው ድረስ ይሟሟል፣ ከዚያ ይቆማል። የዘይት ዓይነት ስትለውጥም እንደገና ሊነሳ ይችላል። ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ቢጨምሩ ኖሮ ማቀዝቀዣው ተቀዶ የራዲያተር ፈሳሽ ገባ እልህ ነበር።

ያንኑ ዘይት መልሰህ ሙላ፣ በሚቀጥለው ቅያሬ እንደገና ላክ። መዳቡ በግማሽ ወርዶ ከመጣ እርሳው። እርሳሱ ከ2 ወደ 15 ወይም 20 ከወጣ ግን ጭነት አትጫንባት፤ ኮፓውን አውርደህ ብሮንዚናውን በዓይንህ እይ።