ኮሎኝ ካቴድራል በር ላይ ሻንጣ ይዘን ቆመናል፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ ምከሩን

ጠያቂ፦ መንገደኛዋ
ሰላም ወገኖች። አሁን ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ነን። የትልቁ ሻንጣ ጎማ ከባቡር ስንወርድ ተገንጥሎ ወደቀ። እየጎተትሁ ካቴድራሉ ድረስ ባደርሰውም ሻንጣ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ በሩ ላይ ተጽፎ አየሁ። ወደ ጣቢያው ተመልሼ ሻንጣ የሚቆለፍባቸውን ሳጥኖች ብፈልግ አንድም የለም። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው የሰብአ ሰገልን አጽም ሳልሳለም አልመለስም ብላ ነው። ከዚያም ግንቡ ላይ ወጥተን የራይንን ወንዝ ቁልቁል ማየት እንፈልጋለን። ጉልበቷን ስለሚያማት አሳንሰር ይኖር እንደሆነ ንገሩኝ። ስልኬ ሊዘጋ ነው።

ሥርዓት ይከበር
እህቴ፣ እርዳታ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ዕለቱንና ባቡሩ የሚነሣበትን ሰዓት ሊጽፍ ይገባዋል፤ ሰዓቱንም ሲጽፍ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር መለየት አለበት። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ፣ ሻንጣ ባይኖራችሁም እንኳ ለጉብኝት መግባት አትችሉም። በሩ ላይ ቀይ ካባ የለበሱትን አስተናባሪዎች ብትጠይቂያቸው መቼ እንደሚከፈት ይነግሩሻል።

የራይን ዳሩ ዲያቆን
እናታችን ምንኛ መልካም ነገር አሰቡ! ካቴድራሉ የተሠራው ለዚሁ አጽም ሲባል ነው። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ የጣልያኗን ከተማ ሚላኖን ድል ካደረገ በኋላ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ራይናልድ ፎን ዳሰል እ.ኤ.አ. በ1164 አጽሙን ወደዚህ አመጣው፤ ከየአገሩ የሚጎርፈው ተሳላሚ በመብዛቱም አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጠበበና የአሁኑ በ1248 ተጀመረ። ሥራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተቋርጦ እስከ 1842 ድረስ ቆሞ ስለ ነበር፣ 157 ሜትር የሚረዝሙት ሁለቱ ግንቦች ያለቁት ገና በ1880 ነው። አጽሙ ያረፈበት በወርቅ የተለበጠ ሣጥን 2 ሜትር ከ20 ያህል ይረዝማል፤ ሥራውን በ1190 ገደማ የጀመረው የወርቅ አንጥረኛው የቬርደኑ ኒኮላስ ነው። የሣጥኑን ፊት ልብ ብለው ይዩት። ሦስቱ ነገሥታት እጅ መንሻ ይዘው ሲቀርቡ፣ ከኋላቸው አክሊል ያልደፋ አራተኛ ሰው ተከትሏቸዋል፤ እርሱ ለሥራው ወርቅ የሰጠው የጀርመን ንጉሥ ኦቶ 4ኛ ነው።

መንገደኛዋ
ስለ ታሪኩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሻንጣውን ግን የት ላድርገው?

ከቦን
እኔ ከመነሻው አልስማማም። የማቴዎስ ወንጌል የሰብአ ሰገልን ቁጥር እንኳ አይናገርም፤ ሦስት የተባሉት በወርቁ፣ በዕጣኑና በከርቤው ቁጥር ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሚላኖ የመጣ አጽም የእነርሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት በድንጋይ ንጣፍ ላይ ከማንከራተት ይልቅ ወንዙ ዳር ወርደው፣ ታላቁ ቅዱስ ማርቲን በተባለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ቢያስቀምጧቸው ይሻላል። ኮሎኝ በሮማውያን ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ከካቴድራሉ ሌላም ብዙ የሚታይ አላት።

የራይን ዳሩ ዲያቆን
ወንድሜ፣ እናቲቱ የመጡት ለመሳለም እንጂ ለምርምር አይደለም።

በርበሬ ነጋዴ
ከአዲስ አበባ በመጣ ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እንደሚኖር አያጠራጥርም፤ ስለዚህ ጎማው ለምን እንደ ተገነጠለ መርማሪ አያስፈልግም። ጥበቃዎቹም ከልክለዋችሁ ቢሆን ኖሮ ሽታው ከዕጣናቸው ጋር እንዳይጣላ ፈርተው ነው እል ነበር። ሳጥን አላገኘሁም ያልሽው ግን የኮሎኝ ጣቢያ ከሌሎቹ ስለሚለይ ነው። በረድፍ የተደረደሩ ሳጥኖችን አትፈልጊ። ጣቢያው ውስጥ የሻንጣ ሥዕል ያለበትን ምልክት ተከትለሽ ስትሄጂ፣ ግድግዳው ላይ ብረት መዝጊያ ያላቸው ማሽኖች ታገኛለሽ። መዝጊያው ይከፈታል፣ ሻንጣውን ታስገቢያለሽ፣ ትከፍያለሽ፤ ከዚያ መዝጊያው ይዘጋና ሻንጣው በመሬት ውስጥ ወዳለው መጋዘን ይወሰዳል። በእጅሽ የሚቀረው አንዲት ካርድ ብቻ ናት። በርበሬውም ከምድር በታች ያርፋል።

ተጓዥ ከሐኖቨር
ሻንጣውን በጣቢያው ማስቀመጫ ማሽን ውስጥ ያስገቡት። ሳንቲምና ዝርዝር ብር ይያዙ።

ሥርዓት ይከበር
ይህ ከላይ ተመልሷል። የሰው መልስ ሳያነቡ መጻፍ ጥሩ ልማድ አይደለም።

የዶይትስ ነዋሪ
ስለ ግንቡ የተጠየቀውን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። ግንቡ አሳንሰር የለውም። መመልከቻው ላይ ለመድረስ 533 ጠባብና ጠመዝማዛ ደረጃዎች መውጣት፣ መልሶም መውረድ ስለሚያስፈልግ ጉልበት ለሚያመው ሰው ፈጽሞ አይሞከርም። በምትኩ ወንዙን ተሻግረው ኮልን ትሪያንግል በተባለው ረጅም ሕንጻ ላይ በአሳንሰር ይውጡ። መመልከቻው 103 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከግንቡ የሚበልጥበትም ምክንያት ካቴድራሉን ራሱን፣ ወንዙንና ድልድዩን በአንድነት የሚያሳይ መሆኑ ነው። ከዋናው ጣቢያ በከተማ ባቡር ለአንድ ፌርማታ ብቻ ተጉዘው መሴ ዶይትስ በተባለው ጣቢያ ይውረዱ። እናትዎ መራመድ ከቻሉ ግን 400 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሆኸንሶለርን ድልድይ በእግር መሻገር ደስ ይላል፤ ፍቅረኞች አጥሩ ላይ ቆልፈው የሄዱትን የቁልፍ ብዛት ሲያዩ መገረማቸው አይቀርም። አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሯቸው። አጽሙ ያረፈበት ሣጥን ከዋናው መንበር በስተኋላ በመስታወት ውስጥ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በእጅ አይነካም፤ መሳለሙ ከሩቅ ነው።

በርበሬ ነጋዴ
ካርዷን ከስልክሽ ጋር በአንድ ኪስ አታድርጊያት፤ ያለ እርሷ ሻንጣው አይወጣም። ሻንጣው ከመጋዘኑ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድና ማታ ማታ ሰልፍ ስለሚኖር፣ ባቡሩ ከመነሣቱ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ማሽኑ ጋ ተገኙ። ጎማው ለተገነጠለው ሻንጣ ደግሞ ከማሽኑ ስታወጪው አንድ ወጣት እንዲሸከምልሽ ለምኚ።