ሶፋው ስልኬ ላይ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ምን ላድርግ?

የጠባሴዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ለእናቴ ከአዲስ አበባ ሶፋ ላዝዝላት ብዬ አንድ የግዢ አፕ ላይ «ቤትዎ ውስጥ ይዩት» የሚል ቁልፍ አገኘሁ። ካሜራውን ሳነጣጥር ግን ሶፋው መሬት አይነካም፣ አየር ላይ ይቀራል። አንዴማ በሁለት ጣቴ ነካሁት መሰለኝ፣ የዱካ መቀመጫ አከለ። በባለቤቴ ስልክ ደግሞ ቁልፉ ጭራሽ የለም። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ግድግዳው ነጭ። ችግሩ ስልኬ ነው ወይስ እኔ?

አፕ ሠሪው፦ አንቺም ስልክሽም ደህና ናችሁ። ጥፋቱ የሊሾው ነው። ካሜራው ወለልን የሚያውቀው ላዩ ላይ ያለውን መስመርና ነጠብጣብ እየተከተለ ነው። ልሙጥ ነገር ላይ የሚይዘው ያጣል። ጋዜጣ በትኝበት። ደግሞ አንድ ቦታ ቆመሽ ስልኩን ብቻ አታዟዙሪ። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሂጂ። ርቀት የሚገምተው ያንኑ ነገር ከተለያየ ቦታ ሲያየው ነው።

በሁለት ጣት የተነካ ሶፋ ልኩን ሊስት ይችላል። ዘግተሽ እንደገና ክፈችው። የባለቤትሽ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ቢያንስ አንድሮይድ 7 ይፈልጋል። ያም ሆኖ ጉግል ለኤአርኮር (ዕቃን በካሜራ ቤትሽ ውስጥ ለሚያሳየው ሥርዓቱ) ፈትሾ ያሳለፈው ስልክ ካልሆነ አይሠራም። ብዙ ርካሽ ስልክ ጋይሮስኮፕ የሚባለው የመዞር መለኪያ የለውም፣ መዞሩን በደንብ አያውቅም። የእሱን ስልክ ተዪው።

የደብረ ሲና ልጅ፦ በዚህ ዘመን ጋዜጣ ከየት ታምጣ? እናት ቤት ዥንጉርጉር የመንዝ ዝተት አይጠፋም፣ እሱን አንጥፊ። ነጭ ጋቢ ግን እንዳትሞክሪ፣ እሱም ያው ሊሾ ነው። ጉም ሲወርድም ተዪው። እኛ ጋ በክረምት እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ይጨልማል፣ ካሜራው ምንም አያይም።

ባለ ቁም ሳጥኗ፦ እህቴ፣ ስልኩ ቢሳካልሽም አትመኚው። እኔ ቁም ሳጥን በዚሁ ዘዴ አይቼ ገዛሁ። ጥጉ ላይ ልክክ አለ። ቁመቱ 2.20 ሜትር፣ ኮርኒሴ 2.25። ተኝቶ ገባ፣ ሊነሳ ግን አልቻለም! ለካ ሲነሳ ጥግ ለጥግ ያለው ርዝመት ነው ኮርኒሱን የሚነካው። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ስለሆነ 2.28 ሊደርስ ነው። ኮርኒሱን አንድ ቦታ አስቀደድኩ።

አናጢው፣ ሸዋ ሮቢት፦ እሷ እውነቷን ነው። አፑ ዕቃው የት እንደሚቆም ያሳያል እንጂ እንዴት እንደሚገባ አያሳይም። መጀመሪያ በርሽን ለኪ። ቀጥሎ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የመደገፊያው ቁመት ስንት ነው፣ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ እግሩ ይፈታል ወይ። አንዳንድ ሻጭ የሌላ ሶፋ ሥዕል ይለጥፋል፣ ስለዚህ በሳንቲ የተጻፈውን እመኚ። ልኩን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሪና እናትሽ ይዙሩበት። ቀለሙን በስልክ አትምረጪ። ቁራጭ ጨርቅ ይላኩልሽ።

እንግዳ፦ የቪአር መነጽር (ዓይን ሸፍኖ ምናባዊ ቤት የሚያሳየውን) ብትገዛስ?

አፕ ሠሪው፦ ለአንድ ሶፋ? ስልክ የሚገባበት የካርቶን መነጽር ጭንቅላት ስታዞሪ ብቻ ነው የሚከተልሽ። ብትራመጂ አያውቅም። ራስ ከማዞር በቀር ጥቅም የለውም።

የጠባሴዋ፦ ተመለስኩ። ዝተቱ ሠርቷል! ሶፋው ቁጭ አለ፣ ግን የጓዳውን በር ግማሽ ዘጋው። እማዬ አይታ «እንጀራውን በየት ላውጣ?» አለች። በአንድ ሰው መቀመጫ የሚያንሰውን መረጥን። ጥልቀቱ 90፣ ቁመቱ 85፣ እግሩ 10 ሳንቲ ነው። የበሩ ስፋት 78። ይገባል?

አናጢው፣ ሸዋ ሮቢት፦ እግሩ በብሎን ከሆነ ፈትተሽ 75 ይሆናል፣ በጀርባው አጋድመው ያስገቡታል። በሙጫ ከሆነ አትዘዢ። የበሩን መዝጊያ አስወልቂና ክፍተቱን ደግመሽ ለኪው፣ ያቺ 3 ሳንቲ ለእጅ አትበቃም።