የ6.12 ከርነል የመጀመሪያ የሙከራ ዕትም፦ ለድምፅ ቀረጻ ሥራ አሁኑኑ ልጫነው ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፤ ከ«ድምፅ ቀራጭ»

ሰላም ለሁላችሁ። በሊኑክስ ላይ ሙዚቃና ንግግር እቀርጻለሁ። ስርዓተ ክወናው ኡቡንቱ 24.04 ከነ6.8 ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ነው፤ የድምፅ ካርዱ በዩኤስቢ የሚሰካ ሲሆን፣ ለምስል ካርዱ የምጠቀመው ኮዱ ዝግ የሆነውን የኤንቪዲያ ድራይቨር ነው። በ48,000 ኸርዝ እየቀረጽሁ በፈሩን (ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበትን ቋት) ወደ 64 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ሳወርደው ቀረጻው መሐል ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይገባበታል፣ በፈሩ በጊዜው ሳይደርስ የቀረበትን የሚቆጥረው የኤክስረን ቆጣሪም መጨመሩን አያቆምም። በ256 ሳምፕል ችግሩ ይጠፋል፤ ነገር ግን ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በማዳመጫው ዘግይቶ ስለሚሰማው ሥራው አይሄድም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 የወጣው 6.12-አርሲ1 (አርሲ ማለት ለመጨረሻው ዕትም የሚታጭ የሙከራ ዕትም ነው) «ፕሪኤምፕት አርቲ» የተባለውን የሪል ታይም አሠራር፣ ማለትም ሥራዎች በተወሰነ የጊዜ ወሰን ውስጥ ተራ እንዲያገኙ የሚያደርገውን፣ በዋናው ከርነል ውስጥ ይዞ መምጣቱን አነበብሁ። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ይህን ዕትም በሥራ ኮምፒውተሬ ላይ ብጭነው ምን ያህል አደጋ አለው? የመጨረሻው ዕትም መቼ ይወጣል? ደግሞስ የእኔን ችግር በእርግጥ ይፈታልኛል?

መልስ፤ ከ«ነባር ተጠቃሚ»

በመጀመሪያ አርሲ የሚባለው ዕትም ከምን ደረጃ ላይ እንዳለ ልግለጽ። አንድ የከርነል ዕትም በወጣ ማግስት ለሁለት ሳምንት የሚቆይ የማዋሐጃ ጊዜ ይከፈታል፤ አዲስ ነገር ሁሉ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። 6.11 ሴፕቴምበር 15 ቀን ስለወጣ ይህ ጊዜ ሴፕቴምበር 29 ቀን ተዘግቶ የከርነሉ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አርሲ1ን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚገባው በመርህ ደረጃ ጥገና ብቻ ሲሆን፣ በየሳምንቱ እሑድ አንድ አርሲ ይወጣል። እንደተለመደው በሰባተኛው ላይ ካበቃ የመጨረሻው ዕትም ኖቬምበር 17 ይደርሳል፤ ስምንተኛ ካስፈለገ ደግሞ ኖቬምበር 24 ይሆናል።

ስለዚህ አርሲ1 ማለት ከአሥር ሺሕ የሚበልጡ ለውጦች በሁለት ሳምንት ውስጥ ገብተው፣ በአንድነት በብዙ ሰው ማሽን ላይ ገና ያልተፈተኑበት ዕትም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ እኔም ለሙከራ በተመደበ ማሽን ላይ ዘወትር እጭነዋለሁ። ሆኖም «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ቃል ለደንበኛ ቀረጻ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን 5.12-አርሲ1 ማስታወስ ይበቃል። ስዋፕን (ማኅደረ ትውስታ ሲሞላ መረጃ በዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) በፋይል መልክ በሚጠቀሙ ማሽኖች ላይ ከርነሉ የስዋፕ መረጃን የሚጽፈው ከተመደበለት ቦታ ውጪ ስለነበር፣ የፋይል ስርዓቱን ራሱን ያበላሽ ነበር። ሊነስ የዕትሙን ስም «አትጠቀሙበት» የሚል ቅጥያ ጨምሮበት ቀየረው፤ አርሲ2ንም እሑድን ሳይጠብቅ አስቀድሞ አወጣ። ራሱን የቻለ የስዋፕ ክፍልፍል የነበረው ሰው ምንም አልነካውም። አደጋው የሚመጣው እንዲህ ካልታሰበ በኩል ስለሆነ፣ «እኔ የምጠቀመው ነገር አልተለወጠም» ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሪል ታይሙን በተመለከተ ያነበቡት ትክክል ነው። ሥራው ሃያ ዓመት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጪ በፓች (ተጨማሪ የኮድ ማሻሻያ) መልክ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ብዙው ክፍል፣ ለምሳሌ ኢንተራፕትን (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) በራሱ ክር የማስተናገድ አሠራር፣ ቀድሞ ገብቶ ያለቀ ነው። እስከ መጨረሻው ያስቸገረው ከርነሉ መልእክት የሚያትምበት «ፕሪንትኬ» ነበር። በ6.12 አማራጩ ለኤክስ86፣ ለአርም64 እና ለሪስክ-ቪ ተከፍቷል፤ የሚሠራው ግን ከርነሉ ሲገነባ በግልጽ ሲመረጥ ነው እንጂ 6.12ን መጫን ብቻውን ሪል ታይም አያደርገውም።

መልስ፤ ከ«ሁለት ነጥብ»

እኔ ከሦስተኛው ጥያቄ እጀምራለሁ፤ እሱ ሳይመለስ የቀሩት ሁለቱ ትርጉም የላቸውም።

64 ሳምፕል በ48,000 ኸርዝ 1.33 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የድምፅ ፕሮግራሙ ተራ ደርሶት፣ አስልቶ፣ በፈሩን መሙላት አለበት። ከርነሉ ተራውን የሚያዘገየው ስንት ማይክሮሰከንድ ነው የሚለውን መገመት አያስፈልግም፤ «አርቲ-ቴስትስ» ከሚባለው ጥቅል ውስጥ «ሳይክሊክቴስት» የተባለውን ፕሮግራም ቀረጻው እየተካሄደ ያስኬዱትና ከፍተኛውን ቁጥር የሚያሳየውን የመጨረሻውን ዓምድ ይመልከቱ። ቁጥሩ ከአንድ ወይም ከሁለት መቶ ማይክሮሰከንድ ካላለፈ ጥፋቱ የከርነሉ አይደለም፤ ምናልባት አንድ ከባድ ኢፌክት ወይም የዩኤስቢ መስመሩ ነው። በዚያው ጥቅል ውስጥ ያለው «ኤችደብሊውላትዲቴክት» ደግሞ የእናት ሰሌዳው ፈርምዌር (በሰሌዳው ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ከከርነሉ እጅ ነጥቆ የሚይዝበት ጊዜ ካለ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለውን መዘግየት የትኛውም ከርነል፣ ሪል ታይምም ቢሆን፣ ሊያስቀረው አይችልም።

ቁጥሩ ከፍ ካለ አሁን ያለዎትን 6.8 ከርነል ሳይቀይሩ የሚሞክሩት ነገር አለ። የኡቡንቱ ከርነል የቅድሚያ አሰጣጡን ስልት በሚነሳበት ጊዜ መምረጥ የሚያስችል ስለሆነ፣ በግረብ (ከርነሉን በሚያስነሳው ፕሮግራም) የማስነሻ መስመር ላይ ለ«ፕሪኤምፕት» «ፉል» የሚለውን ዋጋ ይስጡት፤ ከጎኑም «ትሬድአይአርኪውስ» የሚለውን ቃል ይጨምሩ። የተጠቃሚ ስምዎ ሪል ታይም ቅድሚያ የመጠየቅ ፈቃድ እንዳለው የገደብ ፋይሎቹን ይመልከቱ፤ የፕሮሰሰሩን የፍጥነት አስተዳዳሪም «ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት። ብዙ ሰው ሪል ታይም ከርነል የሚፈልገው ይህን ሁሉ ሳይሞክር ነው። ደግሞም ሪል ታይም ማለት ፈጣን ማለት አይደለም። መዘግየቱ ከተወሰነ ወሰን እንዳያልፍ ይደረጋል፤ በምላሹ ማሽኑ በአጠቃላይ የሚሠራው ሥራ መጠን ይቀንሳል።

መልስ፤ ከ«ስርወ ማውጫ»

ከላይ የተባለውን ሁሉ ሞክረው አሁንም አርሲውን መሞከር ከፈለጉ፣ በሌላ ዲስክ ላይ ሌላ ስርዓት ጭነው ቢሆን ይመረጣል። በዚሁ ዲስክ ላይ የግድ ከሆነ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ፤ 6.8ን ፈጽሞ አያጥፉ፤ የግረብ ዝርዝርም ለጥቂት ሰከንዶች እንዲታይ ያድርጉ፤ አለበለዚያ አዲሱ ከርነል ካልተነሳ ወደ አሮጌው መመለሻው ይጠፋብዎታል።

በግንባታው ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አሁን የሚሠራውን ከርነል የኮንፊግ ፋይል (የግንባታ ምርጫዎቹን ዝርዝር) ገልብጠው «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» ሲሉ አዳዲሶቹ አማራጮች ነባሪ ዋጋቸውን ይይዛሉ። ከዚያ በፊት ሁሉንም መሣሪያ ሰክተው «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ቢሉ በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች (ተነጥለው የሚጫኑ የከርነል ክፍሎች) ብቻ ስለሚያስቀር የኮምፓይል ጊዜው እጅግ ያጥራል፤ የድምፅ ካርዱ ያን ጊዜ ካልተሰካ ግን ድራይቨሩ አብሮ ይቀራል። ከዚያም ግንባታው የአከፋፋዩ (የኡቡንቱ) የምስክር ወረቀት ፋይል አልተገኘም ብሎ ሊቆም ይችላል። የተገለበጠው ኮንፊግ የአከፋፋዩን የፊርማ ቁልፎች ስለሚጠቅስ ነው፤ «ሲስተም ትረስትድ ኪስ» እና «ሲስተም ሪቮኬሽን ኪስ» የሚባሉትን ሁለቱን ባዶ ማድረግ ይበቃል። ሞጁሎቹን ሲጭኑም የስህተት ማረሚያ መረጃቸውን የሚገፈውን «ኢንስቶል ሞድ ስትሪፕ» ይጠቀሙ፤ ካልሆነ የመነሻ ምስሉ አብጦ የቡት ክፍልፍልዎን ይሞላዋል።

ያልተፈረመ ከርነል እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ከተከፈተ እርስዎ የገነቡት ከርነል ስላልተፈረመ ግረብ «ባድ ሺም ሲግኔቸር» ብሎ ይመልሰዋል። ወይ የራስዎን ቁልፍ በ«ሞክዩቲል» አስመዝግበው ይፈርሙት፣ ወይ ለሙከራው ጊዜ ይዝጉት።

የኤንቪዲያው ነገር የተለየ ነው። ዝጉ ድራይቨር ሪል ታይም ከርነል መሆኑን ሲያውቅ አልገነባም ይላል፤ ይህን ማለፊያ ተለዋዋጭ ቢኖረውም በአርሲ ላይ የከርነሉ የውስጥ አሠራር ስለሚቀየር በሌላ ምክንያትም ሊወድቅ ይችላል። ለሙከራው ኮዱ ክፍት የሆነውን ድራይቨር «ኑቮ»ን ይጠቀሙ። ዝግ ሞጁል የተጫነበት ከርነል «የተበከለ» የሚል ምልክት ስለሚይዝ፣ ስህተት አግኝተው ብታመለክቱ አልሚዎቹ መጀመሪያ ያንን አውጥታችሁ ሞክሩ ማለታቸው አይቀርም።

ተጨማሪ፤ ከ«ድምፅ ቀራጭ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በ6.8 ላይ «ፕሪኤምፕት ፉል» እና «ትሬድአይአርኪውስ» ከተጨመሩ በኋላ በ128 ሳምፕል ቀረጻው ንጹሕ ሆነ፤ በ64 ግን አልፎ አልፎ አንድ «ጠቅ» ይሰማል። ለሥራዬ 128 ስለሚበቃኝ ዋናው ማሽን እንዲሁ ይቆያል።

ለማወቅ ያህል አርሲ1ን በሌላ ዲስክ ላይ ገንብቼዋለሁ። የሪል ታይሙ ምርጫ በኮንፊግ ዝርዝሩ ውስጥ አልታየኝም ነበር፤ «ኤክስፐርት» የሚለው አማራጭ ሲከፈት ብቅ አለ። አሁን የከርነሉን ማንነት የሚነግረው «ዩኔም» «ፕሪኤምፕት አርቲ» ብሎ ያሳያል፤ 64ም ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ ማያ ገጹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በ6.8 ይህ አልነበረም። ሪል ታይሙ ያመጣው ይሆን?

መልስ፤ ከ«ነባር ተጠቃሚ»

እንዲህ ያለውን ከመገመት ሁለት ነገሮችን ለይቶ መሞከር ይሻላል። አርሲ1ን ሪል ታይሙን አጥፍተው በዚያው ኮንፊግ ይገንቡት። ቀጥሎም 6.11ን ይሞክሩ። 6.8 ላይም የሚሠሩት በሌላ ድራይቨር ስለሆነ፣ ማወዳደሪያ አድርገው አይያዙት፤ ሁሉም ላይ «ኑቮ» ይኑር። ከጥቁሩ ማያ ገጽ በኋላ ማሽኑን በግድ አጥፍተው ሲያስነሱት «ጆርናልሲቲኤል» ያለፈውን ቡት የከርነል መልእክቶች ሊያሳይዎት ይችላል፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚህ ያስቀምጡልን።

ተጨማሪ፤ ከ«ድምፅ ቀራጭ»

ያለ ሪል ታይምም አርሲ1 አይነቃም፤ 6.11 ግን በዚያው ድራይቨርና በዚያው ኮንፊግ በሚገባ ይነቃል። የመልእክቶቹ የመጨረሻ መስመሮች ወደ እንቅልፍ መግባቱን እንጂ መንቃቱን አይናገሩም።

መልስ፤ ከ«ስርወ ማውጫ»

እንግዲያው ሪግሬሽን ነው፤ ማለትም ይሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ ዕትም ተበላሽቷል፤ ሪል ታይሙም ነጻ ወጣ። ይህ የከርነል አልሚዎች ከሌላው ስህተት ሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ዓይነት ነው።

ጥፋተኛውን ኮሚት (አንድ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ለማግኘት «ጊት ባይሴክት» ይጠቀሙ። 6.11ን «ደህና»፣ 6.12-አርሲ1ን «መጥፎ» ብለው ሲነግሩት መካከለኛውን ይሰጥዎታል፤ ገንብተው ማሽኑን አስተኝተው ይቀሰቅሱትና ውጤቱን ይነግሩታል፣ እሱም የቀረውን በግማሽ ይቆርጠዋል። ለአሥር ሺሕ ኮሚቶች አሥራ አራት ያህል ግንባታ ይበቃል። ሎካልሞድኮንፊግ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉውን ኮንፊግ እየገነቡ ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጨርሳል። አንዱ እርምጃ ጭራሽ የማይገነባ ወይም የማይነሳ ከሆነ «መጥፎ» አይበሉት፤ «ስኪፕ» ይበሉ፣ አለበለዚያ ፍለጋው ወደ ተሳሳተ ቦታ ይሄዳል።

ኮሚቱ ሲገኝ «ሜንቴይነርስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ለተጠቀሱት የዚያ ክፍል ኃላፊዎችና ለኮሚቱ ጸሐፊ ይጻፉ፤ የሪግሬሽን መከታተያውን አድራሻም በግልባጭ ያስገቡ። ደብዳቤው ጥሬ ጽሑፍ ይሁን፤ በኤችቲኤምኤል የተላከውን የአልሚዎቹ የኢሜይል ዝርዝር አይቀበለውም። የኮሚቱን መለያ፣ የምስል ካርዱን ሞዴል፣ ኮንፊጉንና የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን የ«ዲሜስግ»ን ውጤት አያይዙ፤ ስለ ሪል ታይሙም በሌለበት መሞከሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ እንጂ አያስረዝሙት።

መልስ፤ ከ«ሁለት ነጥብ»

አንድ ነገር ልጨምር። ባይሴክቱን ከመጀመርዎ በፊት የሳምንቱን አርሲ ይሞክሩ፤ ተመሳሳይ ስህተት ሌላ ሰው አመልክቶ ጥገናው አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ከመገንባት ይድናሉ። ካልተስተካከለ ግን አይዘግዩ። በአርሲ2 ጊዜ የደረሰ ማመልከቻ በቂ ጊዜ ያገኛል፤ በአርሲ7 የደረሰው ግን የመጨረሻው ዕትም ከነስህተቱ ከወጣ በኋላ የሚጠገን ሊሆን ይችላል።